ከጠዋት በረራ በፊት የላውንጅ ቁርስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የቡና ቀማሽ ነኝ። የምሠራው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ስለሆነ ገዢዎችን ለማግኘት ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ኢስታንቡል፣ ወደ ቴል አቪቭና ወደ ዋሽንግተን ስመላለስ 12 ዓመት አለፈኝ። ቁርሴን ከቤቴ ይልቅ በአየር ማረፊያ ላውንጅ፣ ማለትም የቢዝነስ ትኬት፣ አባልነት ወይም ካርድ ያላቸው ተሳፋሪዎች በረራቸውን በሚጠብቁበት ክፍል፣ የበላሁበት ወር ብዙ ነው። ቁርስ ለእኔ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቶ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ ሻንጣ እየጎተተ ለመጣ ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ምግብ ትኩስና ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ላውንጅ ስገባ ከተደረደረው ሁሉ ትንሽ ትንሽ አነሣለሁ፤ በመጨረሻ አንዱም አይጥመኝም። አንተ እንዴት ትመርጣለህ?

መልስ፦ ሳህን ከማንሣትህ በፊት ባዶ እጅህን አንድ ዙር ዙር። የምትፈልገው የአገሩ ሰው ጠዋት ቤቱ የሚበላውን ምግብ ነው። ወጥ ቤት ያለው ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ሲሠራ ጨው ቢጎድል ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል አያወርደውም። ክሩዋሳኑና ቋሊማው ግን የትም ብትሄድ ያው ናቸው፤ ማንም በፍቅር አልሠራቸውም። ሁለተኛ፣ ሠራተኞቹ ቶሎ ቶሎ የሚሞሉት ዕቃ የትኛው እንደሆነ ተመልከት። ቶሎ የሚያልቅ ምግብ ቶሎ ይተካል፤ ቶሎ የተተካ ደግሞ ትኩስ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ምግብ ላይ ከተገናኙ ሌላውን ተወውና እርሱን ብቻ በደንብ ብላ።

ጥያቄ፦ የላውንጅ ምግብ በልተህ አሞህ ያውቃል?

መልስ፦ አዎን፣ አንድ ጊዜ። የትኛው ከተማ እንደሆነ ልተወው። የተመታ እንቁላል ነበር፤ ክዳኑ ክፍት፣ ዳር ዳሩ ደርቆ መሐሉ ውኃ የቋጠረ። አየሁት፣ ግን ርቦኝ ስለነበር በላሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ስድስት ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ እንዴት እንዳሳለፍሁት ለጠላቴም አልመኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ላይ ይቆይ፣ ያለ ማሞቂያ ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። በሥራዬ የውኃን ሙቀት ስለካ ስለምውል ዓይኔ ለምዷል፤ እናንተ ግን ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም። ክዳኑን ስትከፍቱ እንፋሎት ፊታችሁን ካልመታው እንቁላሉን እለፉት። በትዕዛዝ የሚጠብስ ወጥ ሠሪ ካለ ወረፋው ቢረዝምም ጠብቁ። ከጠባሹ ምጣድ በቀጥታ ሳህናችሁ ላይ የሚያርፈውን ያህል የሚታመን እንቁላል የለም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ከቦሌ ወደ ጆሃንስበርግ እሄዳለሁ። የላውንጁ ጥሩ ሰዓት የትኛው ነው?

መልስ፦ የቦሌን ጠዋት ለመረዳት አውሮፕላኖቹን ተከተል። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎች ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ ያርፋሉ። ከዚያ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ረፋዱ ላይ ይነሣሉ። በሁለቱ መካከል፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ የዓለም ተሸጋጋሪ ሁሉ አንድ ላይ ቁርስ ይፈልጋል። አንተ ከቤትህ ነው የምትመጣው፤ መቅደም ትችላለህ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀምጠህ ብትገኝ እንጀራው ለስላሳ፣ ፍርፍሩ ገና የወረደ፣ ክፍሉም ጸጥ ያለ ይሆናል።

ከውጭ ለምትመጡት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ትኬት ላይ 08:30 የሚለው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ዘመድ «ስንት ሰዓት ነው በረራህ?» ሲል 8 ሰዓት ተኩል ብሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ መኪናው ከሰዓት በኋላ መጣለት።

ክላውድ ናይን በሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቦሌ ላውንጅ ውስጥ በጀበና የሚፈላውን ቡና ግን አትዝለሉት። ይህን የምለው በሙያዬ ነው። ከማሽኑ ማኪያቶ ቀድታችሁ ከመሄድ ይልቅ ወደምታፈላው እህት ሄዳችሁ «አቦሉ ደርሷል?» ብላችሁ ጠይቁ። በረካ ላይ ከደረሳችሁ አዲስ እስኪፈላ ጠብቁ። ጀበናው ተቀምጦ አተላው እስኪሰክን ታግሡ። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ከአገሩ የሚወስደው የመጨረሻ ጣዕም ይህ ነው፤ በጥድፊያ መጠጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዓርብ ጠዋት ነው ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የምሳፈረው። ጾም ላይ ነኝ። ዐረቦቹ ዘንድ የምበላው አገኝ ይሆን?

መልስ፦ እማማ፣ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ እዚያ ይቀልልዎታል። በዐረብ ቁርስ ላይ ፉል፣ ሁሙስ የሚሉት የተፈጨ ሽንብራ፣ ወይራ፣ ቲማቲምና ኪያር፣ ተምርና ስስ ዳቦ ይኖራል። ፉሉ ላይ ቅቤ ሳይሆን የወይራ ዘይት ነው የሚፈስስበት፤ ቢሆንም ይጠይቁ። እርጎ የሚመስል ነጭ ነገር ዘይት ተነስንሶበት ካዩ ላብነህ ይሉታል፤ የወተት ነውና ይለፉት። ክሩዋሳን በቅቤ የተሠራ ነው። ጣፋጭ ዳቦዎችም ብዙ ጊዜ ወተትና እንቁላል አለባቸው።

ሰዓቱ ሳይደርስ እህል የማይቀምሱ ከሆነ ደግሞ አይጨነቁ። ልጆችዎ ትኬቱን በያዙበት በኩል ከ24 ሰዓት በላይ አስቀድመው አውሮፕላኑ ውስጥ የሚቀርብ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ ይዘዙልዎት። አየር መንገዶች ቪጂኤምኤል በሚል ምልክት የሚመዘግቡት እርሱ ነው። በመንገድ ላይ ስለ መጾምና ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባትዎ የሚሉትን ይስሙ እንጂ የእኔን ምክር አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ፉል በልቶ አውሮፕላን መውጣት ሆድ ይነፋል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከየት እንደምትነሣ ግን ይወስነዋል። አውሮፕላን በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ ሲበር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት እንደ ምድር አይደለም፤ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ጋር ይስተካከላል። ግፊቱ ሲቀንስ አንጀት ውስጥ ያለው ጋዝ ይሰፋል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የተነሣ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ እንደ ወጣ ቁጠረው። ባቄላና ሽንብራ ያንን ያባብሰዋል።

አሁን ቦሌን አስብ። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው! በተለይ በቦይንግ 787 ድሪምላይነር ወይም በኤርባስ ኤ350 ከተሳፈርህ፣ የእነርሱ ውስጣዊ ግፊት ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ሰማይ ላይ ያለው አየር ቦሌ ከተነፈስኸው ይወፍራል። ይህን ያወቅሁ ቀን በጣም ነው የተደሰትሁት፤ ከአዲስ አበባ ስነሣ ፉሌን ያለ ስጋት እበላለሁ። ከዱባይ ስነሣ ግማሽ ሳህን ይበቃኛል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ በጠዋቱ በረራ እሄዳለሁ፤ ትኬቴ ኢኮኖሚ ነው። ካፒታል ዋን ቬንቸር ኤክስ የሚባለው ካርድ አለኝ። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ በጣም። ካርዱን ያወጣው ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ደለስ ውስጥ የራሱን ላውንጅ ከፍቷል፤ ቦታው ከፍተሻው በኋላ በዋናው ሕንጻ ውስጥ ነው። ይዘውት የሚሄዱት የታሸገ ምግብ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ስላለው ጊዜ ለሌለው ሰው ይጠቅማል። በሌሎች ብዙ ላውንጆች ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ እዚህ ግን ለዚያው የተዘጋጀ ነው። ልብ በይ፣ ከዋናው ሕንጻ ወደ አብዛኞቹ የመሳፈሪያ በሮች በባቡር ነው የሚኬደው። የመሳፈሪያ በር ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል፤ ለባቡሩም ጊዜ አስቢለት። ከመሄድሽ በፊት የእንግዳ ደንቡን ባንኩ ገጽ ላይ አንብቢ፤ እንዲህ ያሉ ደንቦች በየጊዜው ይለወጣሉ።

ጥያቄ፦ የሼባ ማይልስ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም፣ ወርቅ አባል ነኝ። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አባል የሆነበት የአየር መንገዶች ኅብረት፣ የስታር አልያንስ፣ ደንብ የሚፈቅደው አንድ እንግዳ ነው፤ እንግዳውም ተሳፋሪ መሆን አለበት። ሕፃናትን በተመለከተ ላውንጁ ይለያያልና አስቀድመህ ጠይቅ። ባለቤትህን በር ላይ ከማቆም ቤት ሆኖ መደወል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት፣ ኢስታንቡልና ቴል አቪቭ። የማን ቁርስ ይበልጣል?

መልስ፦ ለእኔ ኢስታንቡል። የቱርክ አየር መንገድ ላውንጅ ውስጥ ጎዝሌሜ የሚሉት ስስ ቂጣ አይብ ወይም ቆስጣ ታጥፎበት ፊት ለፊት ምጣድ ላይ ይጋገራል። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ሲሚት፣ ወይራ፣ ማር፣ በወገበ ቀጭን ብርጭቆ ሻይ አለ። ቀርበህ ስትቆም የምጣዱ ሽታ የእናት ቤት ያስታውስሃል።

ቴል አቪቭ ሁለተኛ ነው። ኮሸር በሚባለው የአይሁድ የምግብ ሕግ ሥጋና ወተት በአንድ ገበታ አይቀርቡም፤ ስለዚህ ቁርሱ በአይብ፣ በእንቁላል፣ በዓሣና በሰላጣ ላይ የቆመ ነው። ሰላጣው ጠዋት የተከተፈ ሲሆን ጥርስ ሥር ይሰማል። ሻክሹካ ካገኘህ እንቁላል ስልስን የሚያውቅ ሰው አይቸገርበትም።

ፍራንክፈርት የዳቦ አገር ነው። ጥቁሩን ዳቦ ከጠንካራ አይብ ጋር፣ ወይም ጨው የተነሰነሰበትን ብሬዝል በቅቤ ብላ፤ ሌላው ይቅርብህ። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ስስ ሆኖ የተቆረጠውን ሥጋና ነጩን ቋሊማ ሳትጠይቁ አታንሡ።

ጥያቄ፦ ከላውንጅ አንድ ፖም ቦርሳዬ ውስጥ ብይዝ?

መልስ፦ ከመውረድሽ በፊት ብዪው። ወደ አሜሪካ ፍራፍሬ ይዞ ገብቶ ሳያሳውቁ መገኘት ያስቀጣል፤ በአንድ ፖም የተቀጡ ሰዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ካርድም ማዕረግም የለኝም። በር ላይ ከፍዬ ልግባ?

መልስ፦ በሽግግር ላይ ሆነህ አራት አምስት ሰዓት የምትቆይ ከሆነ፣ ገላ መታጠቢያም ካለው፣ ክፈል። ብዙ ላውንጆች ከበረራው ከ3 ሰዓት በላይ ቀድሞ የመጣን ሰው ስለማያስገቡ ከመክፈልህ በፊት ሰዓቱን አረጋግጥ። ከገዛ ከተማህ የምትነሣ ከሆነ ግን ገንዘብህን አታባክን። ማታ ጤፍ ቂጣ አስጋግረህ አሳድር፤ ሌሊት ስትነሣ ቆራርሰህ በቅቤና በበርበሬ አሽተው፣ ቡናህን በፔርሙዝ ሞልተህ መኪና ውስጥ ጠጣ። ፔርሙዙን ለሸኚህ መልስለት፤ ቡና እንዳለበት በፍተሻው አያልፍም።