ሐዲድ የሚያቋርጥ መንገድ ሲቆለፍባችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ጠያቂያችን ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ አሜሪካ ገጠር ውስጥ የገዙት መሬት መግቢያው ሐዲድ ያቋርጣል። የባቡር ኩባንያው «የግል መሻገሪያ ነው» ብሎ በር ቆልፎበታል፤ ፈርሙ ብሎም ውል ልኳል። ጎረቤቶች ግን «40 ዓመት የተመላለስንበት መንገድ ነው» ይላሉ።

እባካችሁ ውሉን አሁን አትፈርሙ። እንዲህ ያለው ውል በአብዛኛው የሚሰጠው ፈቃድ እንጂ መብት አይደለም። ክፍያ አለው፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ያስገዛል፣ አደጋ ቢደርስ ካሳውን እናንተ ላይ ይጥላል፤ ብዙ ጊዜም በ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰረዛል። ከዚያ በፊት መብት የነበራችሁ ከሆነ፣ ፊርማችሁ «ሲሻገሩ የኖሩት በእኛ ፈቃድ ነው» ለማለት ማስረጃ ይሆንባችኋል።

መሻገሪያው ላይ ያለውን ሰማያዊ ምልክት ፎቶ አንሱ። ስድስት አሃዝና አንድ ፊደል ያለው መለያ ቁጥር አለው። ምልክቱ ላይ የተጻፈው ስልክ መኪና ሐዲድ ላይ ሲቆም ለመሳሰለው አስቸኳይ ነገር ስለሆነ ለክርክር አትደውሉበት። በቁጥሩ ግን ከፌዴራል ባቡር አስተዳደር ድረ ገጽ የመሻገሪያውን መዝገብ ታገኛላችሁ። «የሕዝብ» ነው ወይስ «የግል» የሚለውን፣ የግል ከተባለም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለመሆኑን የሚያሳየውን ቦታ እዩ። የቀድሞ ዓመታት ቅጂዎችንም አውርዱ፤ በፊት «የሕዝብ» ተብሎ ኋላ ተቀይሮ ከሆነ ጥሩ መነሻ ነው። ይሁንና የግል መሻገሪያን መረጃ የሚሞላው ራሱ ኩባንያው ስለሆነ መዝገቡን እንደ ፍርድ አትቁጠሩት።

የሕዝብ መሻገሪያ የሚባለው መንገዱ በመንግሥት አካል ሥልጣን ሥር ሆኖ በዚያው አካል ሲጠገንና ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ነው። ስለዚህ ወደ ካውንቲው (ከስቴት በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) መንገድ ክፍል ሂዱና የጥገና ዝርዝሩን ጠይቁ። ግሬደሩ ሐዲዱ ጋ ደርሶ ይመለሳል ወይስ ማዶውንም ይጠርጋል? ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚህች ላይ ነው። መንገዱ የተከፈተበትን ወይም በውሳኔ የተዘጋበትን የካውንቲው ኮሚሽነሮች ቃለ ጉባኤም አስፈልጉ። መንገዱ ከሐዲዱ ቀድሞ የነበረ ከሆነ አቋማችሁ በጣም ይጠነክራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባቡር ኩባንያው መሬቱን ያገኘበት የመጀመሪያው ዲድ (የመሬት ማስተላለፊያ ሰነድ) ነው። ሐዲዱ የአንድን ገበሬ መሬት ለሁለት ሲከፍል፣ ሻጩ ለራሱና ለወራሾቹ መሻገሪያ አስቀርቶ የሸጠባቸው ዲዶች አሉ። የመሬት ሰነዶች በሚመዘገቡበት የካውንቲው ሪኮርደር ቢሮ ተቀምጦ ከዲድ ወደ ዲድ ወደ ኋላ መቁጠር ያደክማል፤ ግን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣው ሕግ መሠረት የተሠሩት የባቡር ንብረት ግምት ካርታዎች እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት እንዴት እንደተገኘ ስለሚያሳዩ ፍለጋውን ያሳጥራሉ።

የ40 ዓመቱ ምልልስ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። በብዙ ስቴቶች በባቡር መሬት ላይ በረጅም ጊዜ አጠቃቀም መብት ማግኘት በሕግ ተከልክሏል፣ አለዚያም ምልልሱ በፈቃድ እንደነበረ ይገመታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ቢሆንም የጎረቤቶቹን ምስክርነት በጽሑፍ ያዙ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስና የፖስታ መኪና ይሻገሩ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ካለ ደግሞ የበለጠ ይረዳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ታይትል ኢንሹራንስ (መሬት ሲገዛ የሚገባ የባለቤትነት መብት ኢንሹራንስ) ነው። የተለመደው የባለቤት ፖሊሲ ወደ መሬቱ የመግቢያ መብት አለመኖርን ይሸፍናል። ፖሊሲው የማይሸፍናቸው ነገሮች በሚዘረዘሩበት ሼጁል ቢ ላይ ስለ ሐዲዱ የተጻፈ ልዩ ሁኔታ ከሌለ ሳትዘገዩ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ጥያቄያችሁን ከተቀበሉ የጠበቃውን ወጪ ሊሸከሙ ይችላሉ።

አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ የሕዝብ መገልገያ ኮሚሽኑ ነው። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ በስሙ እንዳትሳሳቱ፤ «ሬይልሮድ ኮሚሽን» የሚባለው ከ2005 ወዲህ የባቡር ሥራ የለውም፣ ጉዳዩ ወደ ስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዞሯል። የግል መሻገሪያ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ኩባንያው «የፌዴራል ሕግ ይከለክላችኋል» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የባቡሩን ሥራ ያለአግባብ የማያደናቅፍ ተራ የመሻገሪያ ክርክር በአብዛኛው በስቴት ፍርድ ቤት ይታያል።

እስከዚያው ቁልፉን አትስበሩ፤ የወንጀል ክስ ያመጣባችኋል። «መብታችንን ሳንለቅ» የሚል ሐረግ ባለበት ደብዳቤ ጊዜያዊ ቁልፍ ጠይቁ፤ የአካባቢው እሳት አደጋም ቁልፍ እንዲኖረው በዚያው ደብዳቤ አስገቡ፤ ግልባጩንም ለካውንቲው ላኩ።