ለቆየች መኪና የትኛው ዘይት? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጋራዥ ውስጥ ስውል የማይቀርልኝ ጥያቄ "ምን ዘይት ላስገባ?" የሚለው ነው። እዚህ አካባቢ የምንነዳው መኪና አብዛኛው ቆይቷል። 200 ሺህ፣ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ነው። መንገዳችን ደግሞ የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ይህ ለደከመ ሞተር ቀላል ሥራ አይደለም። ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ እንደመጡ እመልሳለሁ።

"ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። መካኒኬ 20ደብሊው-50 አድርግ ይለኛል። ዘይት የሚሸጥልኝ ልጅ ደግሞ ለደሴ ብርድ ይከብዳታል፣ 10ደብሊው-30 ውሰድ አለኝ። ማንን ልስማ?" (ከሆጤ)

መካኒክህን ስማ፤ ግን ምክንያቱን እወቀው። ደብሊው ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ ልክ ነው። 20ደብሊው የሚለካው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ ብርድ ላይ እንኳ ሞተሩ ተነስቶ መዞር አለበት። ደሴ በታኅሣሥ ሌሊት የቱንም ያህል ቢበርድ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ 20ደብሊው-50 ለደሴ አይሆንም የሚለው ልክ አይደለም። እውነት ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ቀጭኑ ዘይት ጠዋት ላይ ወደ ሞተሩ አናት ቶሎ ይደርሳል። አንተም አስነስተህ ወዲያው ነዳጅ አትርገጥ። ትንሽ አቆያትና በቀስታ ንዳት።

ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ሲሞቅ፣ በ100 ዲግሪ ላይ ያለው ውፍረት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ ይወፍራል። በቆየች ዲኤክስ ውስጥ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ 30 ይሳሳባታል። ዘይት የማትበላ ከሆነች እኔ 15ደብሊው-40 አደርግላት ነበር። የምትበላ ከሆነች 20ደብሊው-50።

"ቪትዜ 210 ሺህ ሄዳለች። ምንም አታጨስም። ጎረቤቶቼ ግን ወፍራም ዘይት ካደረግሽ ሞተሩ ይጠነክራል ይሉኛል።" (ከኮምቦልቻ)

እህቴ፣ እንዳታደርጊው። የቪትዝ ሞተር ከዲኤክስ ሞተር ጋር አንድ አይደለም። ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል የሚታዘዘው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ የሚያልፈው በቀጫጭን ቀዳዳዎች ነው። በጣም ከወፈረ እዚያ ይዘገያል፤ መኪናዋም ትከብድሻለች፣ ነዳጅም ትበላለች። ኪሎ ሜትር ብቻውን ዘይት አያስቀይርም። ካላጨሰች፣ ካልጎደለች፣ 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ይበቃታል። መጉደል ከጀመረች አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ በይ፤ 10ደብሊው-40።

"በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት እጨምራለሁ። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ አሉኝ። ብር የለኝም። ዘይት ቀይሬ ልገላገል እችላለሁ?" (ከሰኞ ገበያ)

ሞተር ከማውረድህ በፊት ሐረጎን ተጠቀምባት፤ ጥሩ መመርመሪያ ናት። ከደሴ በማርሽ ይዘህ ውረድ፤ እግርህን ከነዳጅ አንሳ። ታች ስትደርስ ነዳጅ ረገጥ አድርግና በመስታወት ወደ ኋላ እይ። ያኔ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ብሎ ከጠፋ፣ ችግሩ ቫልቮቹ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ናት። ቁልቁለት ላይ የቤንዚን ሞተር በኃይል ይስባል፤ ጎማዋ ደርቃ ከሆነ ዘይቱን አብሮ ይጎትተዋል። ጠዋት ስታስነሳ ብቻ አጭሶ የሚተውም ብዙ ጊዜ እሷው ናት። ይህ ሞተር አያስወርድም፤ ወጪውም ከዚያ በጣም ያንሳል።

ሽቅብ ስትወጣ ሳያቋርጥ ሰማያዊ ካጨሰ ግን ፋሻ ነው። ያኔ 20ደብሊው-50 ጊዜ ይሰጥሃል እንጂ አያድንህም። ቶዮታ በብዙ መኪኖቹ መጽሐፍ ላይ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ሊበላ ይችላል ብሎ ጽፏል። አንተ ጫፉ ላይ ነህ። ዘይት ጨምረህ መንዳት ትችላለህ፤ ጎድሎ መንዳት ግን አትችልም። ጥቁር ጭስ ከዘይት ጋር አታገናኘው፤ እሱ የነዳጅ መብዛት ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ የድሮ ናፍጣ ሞተር እዚህ ቢያጠቁር አይገርምም።

"ሞተሬ ይጮሃል። 90 ዘይት ትንሽ ቀላቅልበት፣ ዝም ይላል አሉኝ።" (የወልዲያ መስመር ሾፌር)

ወንድሜ፣ በፍጹም! 90 የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ቁጥሩ ራሱ የሚለካው በሌላ መስፈሪያ ነው። 90 ሲባል የ40 እጥፍ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ውፍረቱ ከሞተር 40 እና 50 ብዙም አይርቅም። ውስጡ ያለው ቅመም ለማርሽ ጥርስ የተሠራ ነው፤ የሞተርን ጥላሸት የሚያጥብ ነገር የለውም። ሞተር ውስጥ ገብቶ ሲግል ይቆሽሻል። ጩኸቱ ከየት እንደመጣ ይታይ።

"ሲንተቲክ ባደርግ ያፈሳል ይባላል። እውነት ነው?" (ከገራዶ)

ሲንተቲክ ዘይት የሞተሩን ማሸጊያ ጎማ አይበላም። የሚያደርገው፣ የደረቀውን ጎማ ደፍኖ የያዘውን ቆሻሻ ማጠብ ነው። ያኔ የተደበቀው ማፍሰስ ይታያል። ሃይ ማይሌጅ (ብዙ ለሄደ ሞተር) ተብለው የሚሸጡት ጎማውን የሚያለሰልስ ቅመም አላቸው፤ ካገኛችሁና ዋጋው ካልከበዳችሁ ጥሩ ናቸው። ካልሆነ ደህናውን ተራ ዘይት በጊዜው መቀየር ይበልጣል።

"ሃይሉክስ ናፍጣ አለኝ፣ ባቲ እመላለሳለሁ። ዘይት ቀይሬ በሁለተኛው ቀን ይጠቁራል። የተጭበረበርኩ ይመስለኛል።"

ሐጂ፣ አይስጉ። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመጣል፤ ዘይቱ ጥላሸቱን ይዞ መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱ ነው። እርስዎ ማየት ያለብዎት ጀሪካኑ ላይ ያለውን የኤፒአይ (የዘይት ደረጃ) ምልክት ነው። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ለእርስዎ 15ደብሊው-40፣ ሲአይ-4 የሚል ይፈልጉ። ቤንዚን ላላችሁ ደግሞ ኤስኤን የሚባለው ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. 2010፣ ኤስፒ 2020 ነው። አዲሱ ፊደል ለድሮው ይሆናል፤ የድሮው ለአዲሱ አይሆንም።

"ለባጃጅስ?"

የመኪና ዘይት አታድርግ። የባጃጅ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። ጄኤኤስኦ ኤምኤ (ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር የሚሆን ደረጃ) የሚል 20ደብሊው-50 ግዛ።

"ከመቀየሬ በፊት በላምባ ወይም በናፍጣ ይታጠብ?"

ለቆየ ሞተር አይሆንም። ላምባ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የተነሳው ቆሻሻ ደግሞ ሄዶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ውስጡ ቆሽሿል ብለህ ከጠረጠርክ አዲስ ዘይትና አዲስ ፊልትሮ አድርገህ በ2,000 ኪሎ ሜትር ድፋው። ከዚያ እንደገና ቀይርና በየ5,000 ቀጥል። ቀስ ብሎ ይጸዳል።

"ዘይቱ አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ጎደሎ ይለኛል።" (ከደሴ)

ዳገት ላይ አቁመህ እየለካህ ነው። ደሴ ላይ ሜዳ መፈለግ ራሱ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ፈልግ። ሞተሩን አጥፋ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ መለኪያውን አውጥተህ ጥረግ፣ መልሰህ ክተት፣ ከዚያ አንብብ። ለቆየች መኪና በየሳምንቱ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፍ፤ የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል።

"የተቀዳ ዘይት እንዳልገዛ ምን ልይ?"

የክዳኑ ቀለበት ስትከፍተው መሰበር አለበት፤ ቀድሞ ከለቀቀ ተወው። የምርት ቁጥሩ ጀሪካኑ ላይ የታተመ ይሁን። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ተጠራጠር። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ባዶውን ጀሪካን ሳትበሱ አትጣሉ። ተመልሶ የሚሞላው እሱ ነው።

"ሞተሩ ሲሞቅ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጣት) ስትቆም የዘይት መብራቷ ብልጭ ትላለች። ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል። 50 ባደርግስ?" (ከኮምቦልቻ)

ይህን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያ መኪናዬ እንዲሁ ብልጭ ስትል 50 ሞላሁባት። መብራቱ ጠፋ፤ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሐረጎ ላይ፣ ከመታጠፊያው ወጥቼ ሁለተኛ ማርሽ እንዳስገባሁ፣ ከታች ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) ነበር። በተሳቢ ወረድኩ፤ የዘንጉ አንገትም ተበልቶ ተገኘ። መብራቱ ያኔ ሲነግረኝ ብሰማው ኖሮ ብሮንዚና ብቻ ቀይሬ እገላገል ነበር።

አንተ መጀመሪያ ደረጃውን ለካ። ሙሉ ከሆነ መካኒክህ የመብራቱን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይሰር፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ያንብበው። ግፊቱ ደህና ከሆነ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው፤ ርካሽ ነው። ግፊቱ ከወረደ ፓምፑና ብሮንዚናው ይታይ። እስከዚያ ድረስ ዳገት እንዳትወጣባት፤ ደሴ ጉዳይ ካለህ በሚኒባስ ሂድ።