ሞተሩ ድምፅ ካላሰማ ቫልቮላው ደህና ነው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሆንዳ ሲቢአር 600 አርአር ሞተር ሳይክል አለኝ፤ 31,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አንድም ጊዜ አልተከፈተም። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ ያስቸግረኛል። ካንዴላዎቹን ለውጫለሁ። ቫልቮላውን እንዲያዩልኝ የጠየቅኋቸው መካኒክ ግን «ድምፅ የለውም፣ አይነካም» አሉኝ። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፤ በእርስዎ ሞተር ላይ ይበልጥ የሚያሳስበው ዝምታው ነው። መካኒኩ የለመዱት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በቫልቮላውና እሱን በሚገፋው ዕቃ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ቀጭ ቀጭ ስለሚል፣ ዳዶውን ፈታ አድርጎ በካቻቢቴ ማስተካከል ይበቃዋል። በስፖርት ሞተር ላይ ግን ቫልቮላው በከፍተኛ ዙር መቀመጫውን ደጋግሞ ሲመታ ሁለቱም ስለሚበሉ፣ የቫልቮላው ግንድ ወደ ካምሻፍቱ (ቫልቮላውን ገፍቶ ወደሚከፍተው ዘንግ) እየተጠጋ ክፍተቱ ይጠባል፤ የጠበበ ክፍተት ደግሞ ድምፅ አያሰማም። ክፍተቱ ጨርሶ ከጠፋ ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም፤ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈውም መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ስለሆነ፣ በተለይ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ጠርዙ ይቃጠላል። ጠዋት ማስቸገሩ ከባትሪም ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን የፋብሪካው መርሐ ግብር በየ25,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለካ ስለሚል የእርስዎ ጊዜ አልፏል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ካስለኩ፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ንባቡ በመመሪያው ከተጻፈው አንድ አምስተኛ ያህል ቢቀንስ አይደንግጡ፤ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያወዳድሩ።

ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ከ35 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ነው፤ በእኛ አየር ማታ አቁሞ ጠዋት መክፈት በቂ ነው። የአየርና ነዳጅ ማስገቢያው ቫልቮላ ክፍተት 0.20፣ የጭስ ማስወጫው 0.28 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከሁለቱም 0.03 ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይፈቀዳል። በዚህ ሞተር ላይ የሚዞር ብሎን የለም፤ ክፍተቱን የሚወስነው በቫልቮላው ግንድ ጫፍ ላይ ከሚደፋው ባልዲ መሰል ክዳን ሥር የተቀመጠ ሺም የሚባል ትንሽ የብረት ክብ ነው። ስለዚህ ካምሻፍቱ ከመነሳቱ በፊት የ16ቱም ቫልቮላዎች ልክ በወረቀት ይጻፍ። የአሮጌው ሺም ውፍረት 1.80 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የማስገቢያው ክፍተት 0.12 ቢገኝ፣ ከተለካው ላይ ትክክለኛውን ቀንሰው ውጤቱን በአሮጌው ላይ ሲደምሩ 1.72 ያገኛሉ፤ ሺሞቹ በ0.025 ስለሚለያዩ የሚገባው 1.725 ነው።

ሺሙ ከክዳኑ ውስጥ ተጣብቆ ይወጣና ድንገት ይወድቃል፤ ስለዚህ የካም ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ካልተደፈነ ጉዳዩ ሞተር ወደ ማውረድ ሊሄድ ይችላል። የካምሻፍቱ መያዣ ቡሎኖችም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይፈቱ፤ ሲታሰሩም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ ይሁን። ካምሻፍቱ በትክክለኛ ቦታው መግባቱን የሚያሳዩት ምልክቶች ከተገጣጠሙ በኋላ ሞተሩ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ዞሮ ክፍተቱ እንደገና ይለካ፤ በእጅ ሲያዞሩት ከያዘ፣ በግድ አይግፉት።

ብዙውን ጊዜ ሺሞቹን ከአንዱ ቫልቮላ ወደ ሌላው በማዘዋወር የሚገዛው ቁጥር ይቀንሳል። የጎደለው እስኪመጣ ድረስ ሞተሩ ተሸፍኖ ይቆይ እንጂ፣ አሮጌውን ሺም በድንጋይ አስሞርደው እንዳያሳንሱት፤ ላዩ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ከተሞረደ ቶሎ ይበላል፣ ውፍረቱም ወጥ አይሆንም።