መልስ፦ የማይታዩት ሥዕሎች ከየት መጡ?
«የእንቆቅልሽ ጨዋታውን ፋይል ስከፍት በየትኛውም ደረጃ የማይታዩ ሥዕሎችና የማይሰሙ ድምፆች አገኘሁ፤ የተደበቀ ደረጃ ይኖር ይሆን?» ላሉት፣ ብዙ ተስፋ አያድርጉ። የአንድሮይድ ጨዋታ የሚታሸግበት ኤፒኬ በመሠረቱ ዚፕ ፋይል ነው፤ ገንቢው የከተተው ሁሉ አብሮ ይመጣል። ዩኒቲ በሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ «ሪሶርስስ» የሚባለው አቃፊ ነው። ዩኒቲ ሌሎቹን ፋይሎች በአብዛኛው የሚያስገባው የሚጠቀምባቸው ትዕይንት (የጨዋታው አንድ ክፍል) ካለ ሲሆን፣ በዚህ አቃፊ ያለውን ግን ኮዱ በስም ሊጠራው ስለሚችል ሳይመርጥ ያሽገዋል። የተተወ ደረጃ ሥዕል፣ ያለፈ በዓል ጌጥ፣ ለሙከራ የተቀዳ ድምፅ (እኔ የምወደው ይህንን ነው!) እንዲሁ ተረስቶ ይቀራል። የፋይሎቹን ስም ያንብቡ፤ «ቴስት» ወይም «ኦልድ» የሚል ካለበት ምሥጢሩ ተፈታ።