ጥያቄና መልስ፦ የቋራው ካሳ እንዴት የሕዝብ ጀግና ሆነ?

ፍቅሩ፦ መምህር፣ አፄ ቴዎድሮስን እንዲህ ያገነኗቸው ልብ ወለዶቹ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ሲጽፉ ዝናው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቀድሞ የተሸከመው አዝማሪ ነው። በ1845 ዓ.ም ካሳ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን ሲገጥም፣ የጎሹ አዝማሪ ጌታው ፊት ካሳን በመሰንቆ ሲሰድብ ነበር። ጎሹ ወደቁ፣ አዝማሪው ተያዘ። «ምን ይገባሃል?» ቢባል ሽመል እንደሚገባው በግጥም በራሱ ላይ ፈረደ ይባላል። መኳንንቱ ለማዋረድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ሲሉት ደግሞ ድኻው የራሱ ልጅ አደረገው። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ተብሎ ሲጠበቅ ኖሯል፤ ካሳ በ1847 ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ያንን ስም ያዘ። ሕዝቡ ታሪኩን ሲሰማ ግማሹን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ግን አደራ፣ ቃል ግጥምን እንደ ዜና መዋዕል አትጥቀሱ።

ሰላም፦ ስለ ቴዎድሮስ ይንገሩን።

መልስ፦ ምኑን? ለይተሽ ጠይቂ።

ናሆም፦ አዲስ አበባ አደባባዩ ላይ ያለው የቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ዋናው ነው አይደል?

ደሳለኝ፦ ቅጂ ነው! ዋናው መቅደላ ነው።

ናሆም፦ እኔ ዋናው ነው ሲባል ነው የሰማሁት።

ደሳለኝ፦ መቅደላ ወጥተህ እየው እንግዲህ።

መልስ፦ ደሳለኝ ልክ ነው። በቃ፣ ወደ ጉዳያችን።

ሐና፦ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ጠልቷቸው አልነበር? ተሸንፈው እንዴት ጀግና ሆኑ?

መልስ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! አዎ፣ ጎንደርን አቃጥሏል፣ ገበሬውም መሮት ነበር፤ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ሲመጣ መንገድ የዘጋበት የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ግን እጁን አልሰጠም፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ። ወዲያው ይኼ ተገጠመ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እዩት፣ ስለ ፍርዱም ስለ ግዛቱም አንድ ቃል የለውም። የጎንደርን እሳት ትቶ አሟሟቱን ብቻ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ደራሲና ዘፋኝ ሁሉ ከመቅደላ አፋፍ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ቢኒያም፦ ሲሞቱ እንግሊዞች ቆርጠው የወሰዱት ጸጉራቸውስ ተመለሰ?

መልስ፦ በ2011 ከለንደን ተመልሷል።

ፍቅሩ፦ እሺ መምህር፣ ግጥሙን ለሞቱ ማስረጃ ላድርገው?

መልስ፦ ፍቅሩ፣ ከላይ አደራ ያልኩት ምን ነበር? ለሞቱ የእንግሊዞቹንና የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹን አንብብ። ግጥሙን ለለቅሶው ጥቀሰው።