ወደ ሚሳኤል ሥራ ለምትገቡ ወጣት ኢንጂነሮች

ውድ ልጆቼ፣

ቨርጂኒያም ሆነ አሪዞና ኢንጂነሪንግ ተምራችሁ ዐይናችሁን ሚሳኤል አምራቹ የአሜሪካ ኩባንያ ሬይቴዎን ላይ የጣላችሁ ትኖራላችሁ። ስለ ሚሳኤል ሲነሳ ወጣት ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነትና ስለ ርቀት ነው። እናንተ ግን አስቀድማችሁ መጋጠሚያውን እዩ፤ አንዱ አገር የሠራው ክፍል ሌላው አገር ከሠራው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ማለቴ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤስኤም-3 ብሎክ 2ኤ የሚባለውን ፀረ-ሚሳኤል ሚሳኤል ውሰዱ። ከመርከብ ተወንጭፎ ባለስቲክ ሚሳኤልን ከከባቢ አየር ውጭ የሚያጠፋው ያለ ፈንጂ፣ በግጭት ኃይል ብቻ ነው። ሬይቴዎን ከጃፓኑ ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ጋር ሠራው፤ የ2ኛውና የ3ኛው እርከን (በየተራ የሚቀጣጠሉት ክፍሎች) ሞተሮችና የአፍንጫው ሽፋን የጃፓን ድርሻ ናቸው። ስለዚህ ጃፓን ገዢም ሠሪም ናት። የቀድሞዎቹ ኤስኤም-3ዎች ላይኛው ክፍል ስፋቱ 13.5 ኢንች ነበር፤ በዚህኛው ወደ 21 ኢንች ሰፋ፤ የመርከቡ ማስወንጨፊያ ሳይለወጥ ብዙ ነዳጅ ያዘ።

እንዲህ ዓይነቱን አጋርነት አጽንቶ የሚይዘው የመጋጠሚያ ሰነድ ነው። የብሎኑ ቀዳዳ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ሽቦ ስንት ቮልት እንደሚያልፍ፣ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚቻል ይጻፍበታል፤ ሁለቱም ወገን ይፈርማሉ። ስህተቱ የሚገባው አንዱ በታደሰው፣ ሌላው በአሮጌው ሥዕል ሲሠራ ነው። መለኪያም ያሳስታል። 21 ኢንች 533.4 ሚሊሜትር ነው፤ 533 ብሎ ያጠጋጋ ሰው 0.4 ሚሊሜትር ጥሏል፤ በዚህ ሥራ ያ ብዙ ነው። ስለዚህ ሥዕል ስትቀበሉ መጀመሪያ የሥሪት ቁጥሩን፣ ቀጥሎ መለኪያውን ተመልከቱ።

ሙከራ ሲከሽፍ ወደ ሚሳኤሉ ብቻ አትሩጡ። በሰኔ 2017 ይኸው ኤስኤም-3 ብሎክ 2ኤ በሙከራ ዒላማውን ሳተ፤ ጥፋቱ ግን የሚሳኤሉ አልነበረም። መርከቡ ላይ የነበረ ሠራተኛ ዒላማውን በስህተት የወገን ብሎ ስለመዘገበው ሚሳኤሉ ራሱን አጠፋ። በጥር 2018 ደግሞ ሃዋይ ላይ የ3ኛው እርከን ማቀጣጠያ ከዳ። ያ ታርሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት መታ፤ በኅዳር 2020 አህጉር አቋራጭ ሚሳኤልን የሚመስል ዒላማ አጠፋ።

ከትከሻ የሚተኮሰውን ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤል፣ ስቲንገርን ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከዚህ በላይ የሚያሳዝን ትምህርት አላውቅም። የአሜሪካ መከላከያ ለ18 ዓመት ገደማ አዲስ አልገዛም ነበር፤ የማምረቻ መስመሩ በውጭ ደንበኛ ትእዛዝ ነበር የቆየው። በ2022 ለዩክሬን የተሰጠውን ለመተካት ሲፈለግ አንዳንድ ክፍሎች ገበያ ላይ የሉም፤ የዒላማ ፈላጊው ኤሌክትሮኒክስ እንደገና መነደፍ ነበረበት። አንድ ቺፕ ሥዕል ላይ ስታስገቡ ማን እንደሚሠራው፣ እስከ መቼ እንደሚሠራው በጽሑፍ ጠይቁ። ማምረት ሊያቆም ነው ከተባለ፣ ለጥገናና ለብልሽት የሚሆነውን ጨምራችሁ የመጨረሻውን ግዢ አስሉ።

አሁን ስለ እናንተ። ኢታር የሚባለው የጦር መሣሪያ ኤክስፖርት ሕግ ቴክኒካዊ መረጃን እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል። የአሜሪካ ዜግነት፣ ግሪን ካርድ ወይም የተፈቀደ ጥገኝነት ለሌለው ሰው ሥዕሉን አሜሪካ ውስጥ ማሳየት እንኳ ኤክስፖርት ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር 2021 በዚህ ሕግ ገደብ ከተጣለባቸው አገሮች ዝርዝር ገብታለች፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ የኩባንያውን የኤክስፖርት ክፍል ጠይቁ፤ የሥራ ላፕቶፕም ቤት ይቅር።

ለምስጢር ሥራ ፈቃድ ኤስኤፍ-86 የሚባል ቅጽ ትሞላላችሁ። ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ረድታችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። አገር ቤት ላለች አክስታችሁ የምትልኩት የበዓል ገንዘብም ከዚህ ይቆጠራል፤ ጻፉት። ልጅ ለዘመድ መላኩ ነውር የለበትም፤ ፈቃዱን የሚያሳጣው መደበቁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደላካችሁ በአንድ ደብተር መዝግቡ፤ የላካችሁበትን ደረሰኝም አያይዙ።