መጀመሪያ 200 ሜትር ዋና

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፤

የጻፍሽልኝን ባጭሩ ላስታውሰው። 22 ዓመትሽ ነው፤ ኮሎኝ ውስጥ የቱሪዝምና መዝናኛ አውስቢልዱንግሽ (የሙያ ሥልጠናሽ) ሊያልቅ ስድስት ወር ቀርቶታል፤ የኦፕን ዋተር ካርድ፣ ማለትም የጀማሪ ዳይቪንግ (በአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ ውሃ ውስጥ የመጥለቅ) ምስክር ወረቀት አለሽ። ዱሰልዶርፍ ላይ በጃንዋሪ ዘጠኝ ቀን በሚቆየው የ«ቦት» የጀልባና የውሃ ስፖርት ኤግዚቢሽን፣ የዳይቪንግ ክለብሽ የሙከራ ገንዳውን በቀን ለሁለት ሰዓት አግኝቷል። አንቺ ደግሞ ዳይቪንግ አስበው የማያውቁ ሰዎችን፣ በተለይ የሐበሻና የሌሎች ስደተኛ ቤተሰቦችን አምጪ ተብለሻል። ሐሳብሽ ቪዲዮና የቅናሽ ኩፖን ነው። ከዚያ ተበድረሽ የዳይቪንግ አስተማሪነት ኮርስ ልትገቢ ነው፤ አባትሽ ግን «ነርሲንግ ግቢ» ይላሉ።

ቪዲዮውን ተዪው። የኤሊና የኮራል ምስል የሚያጓጓው ውሃ የለመደን ሰው ነው። አንቺ የምትፈልጊያቸው እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ዋና ሳይማሩ ያደጉ ናቸው፤ ጥልቀቱን ባሳየሻቸው ቁጥር ወደ ኋላ ይላሉ። ቅናሹም አያዋጣም፤ የፈሩትን ነገር በግማሽ ዋጋ የሚገዛ የለም።

ትልቁ ችግር ከገንዳው በኋላ ነው የሚመጣው። በፓዲ (የዳይቪንግ ሥልጠና ድርጅት ነው) ሥርዓት የመጀመሪያው የገንዳ ሙከራ የዋና ፈተና የለውም፤ 10 ዓመት የሞላውና ጤናው የፈቀደለት ከአስተማሪ ጋር ይገባል። ኦፕን ዋተርን ለመጨረስ ግን 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት፣ ወይም በማስክ (የዓይንና አፍንጫ መሸፈኛ)፣ በስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) እና በፊን (የእግር መቅዘፊያ) 300 ሜትር መሄድ፣ በዚያ ላይ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ግድ ነው። እየሳቀ ከገንዳ የወጣውን ሰው እዚያው ለኮርስ ካስመዘገብሽው፣ ከፍሎ የዋና ፈተናው ላይ ይቀራል፤ ዘመዱንም አይልክልሽም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታቀርቢለት የአዋቂዎች ዋና ትምህርት ይሁን። የጀርመኑ የብሮንዝ ዋና ምልክት 15 ደቂቃ መዋኘትና በዚያ ጊዜ ቢያንስ 200 ሜትር መሸፈን፣ እንዲሁም 2 ሜትር ጠልቆ ዕቃ ማውጣት ይጠይቃል። ለዳይቪንግ ከዚህ የተሻለ መንደርደሪያ የለም። ከገንዳው ለሚወጣ ሁሉ ቀጣዩ የዋና ኮርስ የሚጀመርበት ቀን፣ ቦታው፣ ዋጋውና የሚደውልለት ሰው ስም የተጻፈበት ካርድ ስጪው። ዋጋው ካልተጻፈ ውድ ነው ብሎ ይደመድማል።

ወደ ሁለቱ ሰዓታት ልምጣ። ሁለት አስተማሪ ካለሽ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሰው ስጪ፤ ደንቡ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም ዋና ለማይችል ሰው አስተማሪው እጁን መያዝ አለበት። 20 ደቂቃ በውሃ፣ 10 ደቂቃ ለመተካካት ብትይ በቀን አራት ዙር፣ 16 ሰው ይሆናል። አየሩን አስቢው፦ ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) 2,000 ሊትር አየር ይይዛል። የፈራ ጀማሪ በደቂቃ 25 ሊትር ያህል ይተነፍሳል፤ 3 ሜትር ላይ ግፊቱ 1.3 ባር ስለሆነ በ20 ደቂቃ 650 ሊትር ይጨርሳል። ከሁለት ሰው በኋላ 70 ባር ይተርፋል፤ ሦስተኛ ከጨመርሽ ግን ወደ 5 ባር ይወርዳል፤ ባዶ ማለት ነው። ለሁለት ሰው አንድ፣ ለእንግዶቹ ብቻ በጠቅላላው 8፣ ከመጠባበቂያ ጋር 10 ሲሊንደር በየቀኑ ተሞልቶ ይቅረብ። በየሰዉ መሐል የሬጉሌተሩን (የመተንፈሻውን) አፍ ማጽዳት እንዳይረሳ።

ቅጹ ሌላ ጣጣ ነው። የጤና መጠይቁ ላይ አንዳንድ «አዎ» መልሶች ሐኪም ሳይፈርም ውሃ አያስገቡም። ከቩፐርታል ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች እናት በአስም ምክንያት በር ላይ ብትመለስ፣ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይሰማዋል። መጠይቁን በአማርኛና በትግርኛ አስተርጉመሽ ከአንድ ወር በፊት ላኪው። ጃንዋሪ ደግሞ የጉንፋን ወር ነው፤ አፍንጫው የታፈነ ሰው የጆሮውን ግፊት ማስተካከል ስለማይችል 2 ሜትር ላይ ያመዋል። የአፍንጫ መድኃኒት ነፍቶ እንዲገባ አትፍቀጂ፤ ሌላ ቀን ስጪው። ገለጻው ላይ ከሁሉ በፊት የሚነገረው ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ነው። ጥልቀት በሌለው ገንዳም ቢሆን ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ሳንባ ይጎዳል።

ትንንሽ የሚመስሉት ነገሮች ሰው ያስቀራሉ። የማስክ የጎማ ማሰሪያ የተሠራ ጸጉር ይነጫል፤ በኒዮፕሪን (የዳይቪንግ ልብስ የሚሠራበት ለስላሳ ጎማ) የተሸፈነ ማሰሪያ አዘጋጂ። ከማስኩ ጠርዝ ሥር የገባች አንዲት ጸጉር ውሃ ታስገባለች፤ ጺምም እንዲሁ። እግርና ክንድ የሚሸፍን ሙሉ የዳይቪንግ ልብስ፣ ትልልቅ ቁጥሮች ጭምር፣ ይኑርሽ። ለሴቶች የሚቆለፍ መቀየሪያና የጸጉር ማድረቂያ ከሌለ እናቶቹ ልጆቻቸውን ብቻ አስገብተው ዳር ይቆማሉ።

መግቢያ ትኬቱ ለቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ክለቡ የግብዣ ትኬት እንዲያገኝልሽ ጠይቂ። የሥራሽንም ውጤት የራሰውን ሰው በመቁጠር አትለኪ። ስድስት ሳምንት ቆይተሽ የዋና ኮርስ ላይ ስንቱ እንደተገኘ ቁጠሪ።

ስለ ብድሩ፦ አይሆንም። ለአስተማሪነት ፈተና 100 የተመዘገበ ዳይቭ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት አድቫንስድ፣ ሬስኪውና ዳይቭማስተር የሚባሉ ኮርሶች አሉ። ይህን ሁሉ ከፍለሽ የምታገኚው በአብዛኛው የወቅት ሥራ ነው፤ ዕዳው ግን ዓመቱን ሙሉ ይከፈላል። ኮርሶቹን ከደመወዝሽ እየከፈልሽ አንድ በአንድ ውሰጂ። ከላይ የዘረዘርኩልሽን ማደራጀት የምትችል ሰው ግን ለዳይቪንግ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ኤግዚቢሽን ትፈለጋለች፤ እኔ ብሆን ከአውስቢልዱንጉ በኋላ ማመልከቻዬን የማስገባው ለኤግዚቢሽን አዘጋጆች ነው።

አባትሽ ስለ ነርሲንግ የሚሉት ከፍቅር ነው፤ ቢሆንም ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረውን ሙያ ጥለሽ ሌላ ሦስት ዓመት ከዜሮ ጀምሪ ማለት ስሌቱ ልክ አይደለም። ይህንኑ በቁጥር ንገሪያቸው። በየወሩ ወደ አገር ቤት የምትልኪውንም በአንድ መጠን ወስኚውና አትሸራርፊው፤ አትጨምሪበትም።

ክለቡ «ልምድ ይሆንሻል» ብሎ ዘጠኙን ቀን በነጻ እንዳያሠራሽ። ኃላፊነትሽ፣ ሰዓትሽና ክፍያሽ የተጻፈበት ውል፣ ሲያልቅም የሥራ ምስክር ወረቀት ጠይቂ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የምታነሺው ጥያቄ «ስንት የሚቆለፍ መቀየሪያ አለን?» የሚለው ይሁን።